«ድምፅ ቀንስ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

የራዲዮ ድምፅ ሲበዛብን «ቀንሰው» እንላለን፤ ሲያንሰን ደግሞ «ጨምረው»። መቀነስ በሒሳብ ትምህርት የተማርነው መቀነስ ከሆነ፣ ከመቶ ላይ አምስት ማንሳት፣ ከቀረውም ላይ እንደገና አምስት ማንሳት ማለት ነው። ጆሯችን ግን በዚህ ስሌት አይሠራም። ለጆሮ መቀነስ ማለት ማካፈል፣ መጨመርም ማለት ማባዛት ነው። ነገሩ የቋንቋ ጨዋታ ይመስላል። ይሁን እንጂ በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ ሲገባ ሰውን የሚያስቸግር እውነተኛ ስሕተት ሆኖ አግኝተነዋል። የስሕተቱም ተካፋዮች እኛው ራሳችን ስለ ነበርን በዚህ መጽሔት ልናነሣው ወደድን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን በእኛ አማካሪነት ሠርተው ነበር። ሥራቸው የተቀዱ የክፍል ትምህርቶችን ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች በኮምፒዩተር የሚያሰማ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ የተጻፈው በሲ ቋንቋ ሲሆን፣ ድምፁን ወደ ማዳመጫው ለማድረስ ኤስዲኤል የተባለውን የፕሮግራም ላይብረሪ ይጠቀማል። ተጠቃሚው ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት ሲጫን ድምፁ ከመቶ አምስት ይጨምራል፤ ወደ ታች የሚያመለክተውን ሲጫን ከመቶ አምስት ይቀንሳል። በስክሪኑም ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት ከዜሮ እስከ መቶ በተሰመረ መስመር ላይ ትንሸራተታለች። እኛም ጽሑፋቸውን አነበብን፤ የፕሮግራሙን ትእዛዞች መስመር በመስመር ተመለከትን፤ ጥሩ ውጤትም ሰጠን። ያላደረግነው አንድ ነገር ቢኖር መስማት ነው።

ፕሮግራሙ በንባብ ክፍል ውስጥ ሥራ ከጀመረ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ዓይነ ስውር የሕግ ተማሪ ወደ ቢሯችን መጣ። «መምህር፣ የዚያ ኮምፒዩተር የታች ቀስት የተበላሸ ይመስለኛል» አለን። «ስጫነው ምንም አይሠራም፤ ደጋግሜ ስጫነው ደግሞ ቆይቶ ቆይቶ በድንገት ድምፁ ጥፍት ይላል።» የቁልፍ ሰሌዳው ተለወጠለት። በማግሥቱ ተመልሶ መጣና አዲሱም ያው እንደ ሆነ ነገረን። በዚህ ጊዜ አብረነው ሄደን ማዳመጫውን በየተራ በጆሯችን አደረግን። ቁልፉ ደኅና ነበር። ዓይናማ ሰው ምልክቷ ስትንሸራተት ስለሚያይ «ቀንሷል» ብሎ ያምናል። ተማሪያችን ግን ምስክሩ ጆሮው ብቻ ነበር፤ ጆሮውም እውነቱን ነግሮታል።

ለመሆኑ ምን ተፈጠረ? በኮምፒዩተር ውስጥ ድምፅ የቁጥሮች ሰልፍ ነው። ማይክሮፎን የአየሩን ግፊት መወዛወዝ ወደ ቮልቴጅ ይለውጣል፤ ቮልቴጁም በየቅጽበቱ እየተለካ በቁጥር ይመዘገባል። በሲዲ ደረጃ የተቀዳ ድምፅ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 44,100 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልኬት፣ ናሙና የምንለው ማለት ነው፣ በ16 ቢት ሲጻፍ ከ−32,768 እስከ 32,767 ባለው ክልል ውስጥ የሚውል ሙሉ ቁጥር ይሆናል። የድምፅ ፍሰት፣ በፕሮግራመሮች አነጋገር ኦዲዮ ስትሪም፣ እነዚህ ናሙናዎች ሳያቋርጡ ወደ ድምፅ መሣሪያው የሚፈሱበት ቦይ ነው። ድምፁን ዝቅ ማድረግ ሲያስፈልግ ላይብረሪው እያንዳንዱን ናሙና በአንድ ቁጥር ያባዛዋል። ማባዣው 1 ከሆነ ድምፁ እንዳለ ያልፋል፤ 0 ከሆነ ዝም ይላል፤ ግማሽ ከሆነ የሞገዱ ከፍታ በግማሽ ያጥራል። ከዚህ የበለጠ ምሥጢር የለውም።

ኤስዲኤልን ሳም ላንቲንጋ የተባለ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረው ሲሆን፣ ለጨዋታና ለድምፅ ፕሮግራሞች በዓለም ዙሪያ በሰፊው የሚሠራበት፣ ማንም በነፃ ሊወስደው የሚችል ላይብረሪ ነው። ተማሪዎቻችን በተጠቀሙበት እትም ውስጥ ድምፅን የሚቀላቅለው ፈንክሽን «ቮልዩም» በሚል ስም ከ0 እስከ 128 የሆነ ሙሉ ቁጥር ይቀበላል። ናሙናውን በዚህ ቁጥር ያባዛና ለ128 ያካፍለዋል። ተማሪዎቹ ያደረጉት የመስመሩን መቶ ክፍል ወደ 128 መለወጥና ቁጥሩን እንዳለ ማቀበል ነበር። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ፕሮግራሙም ያለ አንዳች እንከን ይሠራል። የጎደለው በእጅና በጆሮ መካከል ያለው ፊዚክስ ብቻ ነው።

የሰው ጆሮ የሚሠራበት ክልል እጅግ ሰፊ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት 77 ሺህ ፓስካል ገደማ ነው። ጤነኛ ጆሮ ሊሰማው የሚችለው እጅግ ደካማ የ1,000 ኸርዝ ድምፅ ይህን ግፊት የሚያወዛውዘው በ20 ማይክሮፓስካል፣ ማለትም በአንድ ፓስካል ሃምሳ ሺህኛ እጅ ብቻ ነው። ጆሮን ወደ ማሳመም የሚደርስ ድምፅ ደግሞ እስከ 20 ፓስካል ያወዛውዘዋል። የሁለቱ ንጽጽር አንድ ለሚሊዮን መሆኑ ነው። ኃይል ከግፊት ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ በኃይል ሲሰላ ንጽጽሩ አንድ ለሺህ ቢሊዮን ይደርሳል። ይህን ሁሉ ክልል በእኩል ርምጃ ለመለካት የሚሞክር ጆሮ ቢኖር ኖሮ ወይ ሹክሹክታን አይሰማም፣ ወይ በነጎድጓድ ይደነቁራል።

ጆሮ ልዩነትን የሚያስተውለው በብዛቱ ሳይሆን በንጽጽሩ ነው። በአንድ ኪሎ ስኳር ላይ ሌላ ኪሎ ቢጨመር የተሸከመው እጅ ወዲያው ያውቀዋል። በትከሻ ላይ ባለ አንድ ኩንታል ጤፍ ላይ ያው አንድ ኪሎ ቢጨመር ግን ተሸካሚው ልብ አይለውም። ይህን በክብደት ላይ ሞክሮ በሥርዓት የመዘገበው በ19ኛው መቶ ዓመት በላይፕሲግ ያስተምር የነበረው ኧርንስት ቬበር ነው። በዚያው ከተማ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ጉስታቭ ፌሽነር እ.ኤ.አ. በ1860 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን ወደ ሒሳብ መለሰው፤ ስሜት የሚያድገው በሎጋሪዝም ነው አለ። ዴሲቤል የምንለው መለኪያም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ሁለት ግፊቶችን አካፍሎ፣ የውጤቱን ሎጋሪዝም በአሥር መሠረት ወስዶ፣ በ20 ማባዛት ነው። በዚህ ስሌት ግማሽ ማለት 6 ዴሲቤል ያህል መውረድ ነው፤ አንድ አሥረኛ 20፣ አንድ ሺህኛ 60 ዴሲቤል።

አሁን ወደ ተማሪያችን ቀስት እንመለስ። ከ100 ወደ 95 ሲወርድ ድምፁ የሚቀንሰው ከግማሽ ዴሲቤል ባነሰ ነው። የሰው ጆሮ በተራ ሁኔታ ለይቶ የሚያውቀው ለውጥ አንድ ዴሲቤል ያህል ስለሆነ፣ ልጁ ቁልፉን ተጭኖ ምንም አለመስማቱ ትክክል ነበር። ከ100 እስከ 50 ለመውረድ አሥር ጊዜ ይጫናል፤ በአሥሩም ጊዜ ተደምሮ የሚያገኘው 6 ዴሲቤል ነው። ከ10 ወደ 5 ሲወርድ ግን በአንድ ጭነት ብቻ ያንኑ 6 ዴሲቤል ያጣል። የመጨረሻዋ ጭነት፣ ከ5 ወደ 0፣ ከሚሰማ ንግግር ቀጥታ ወደ ዝምታ ናት። አሥር ደረጃ በማይታወቅ ተዳፋት ወርዶ ከመጨረሻው ላይ ገደል የገባ ሰው ቢያማርር አይፈረድበትም።

ይህ ነገር ለኤሌክትሮኒክስ ሰዎች አዲስ አይደለም። ለድምፅ ማዞሪያ የሚሆነው ፖቴንሽዮሜትር ከሌላው የተለየ መሆኑን የመርካቶ ራዲዮ ጠጋኝ ያውቃል። በጃፓን ሥርዓት በተሠሩት ላይ በላቲን ፊደል «ኤ» ከተጻፈ ለጆሮ የተመቸው የሎጋሪዝም ዓይነት ነው፤ «ቢ» ከሆነ ቀጥተኛው ነው። የተቃጠለውን «ኤ» አውጥቶ «ቢ» የተከለ ጠጋኝ፣ ባለቤቱ በማግሥቱ «ገና ትንሽ ስነካው ይጮሃል» እያለ ይመለስበታል። እኛም በውጭ አገር ለዶክትሬት ስንማር በአንድ የተማሪዎች ራዲዮ ጣቢያ የድምፅ መቀላቀያ ጠረጴዛ ባየን ጊዜ፣ በተንሸራታቾቹ ጎን የተጻፉት ቁጥሮች እኩል አለመራራቃቸው አስገርሞን ነበር። ከላይ በሰፊው ተዘርግተው ወደ ታች ሲወርዱ ይጠጋጋሉ፤ ከግርጌያቸውም በዜሮ ፈንታ የወሰን የለሽነት ምልክት አለ። ጠረጴዛውን የሠራው ሰው ዴሲቤልን እንጂ ከመቶ ስንት መሆኑን አላሰበም ነበር።

ይበልጥ የሚያስደንቀው የታሪኩ መገጣጠም ነው። ዴሲቤል እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የወጣው ከአሜሪካው የቤል ቴሌፎን ድርጅት መሐንዲሶች ሲሆን ስሙም የአሌክሳንደር ግራሃም ቤል መታሰቢያ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የጆሮን ስሜት በየድግግሞሹ ለክተው ዝነኛውን ሰንጠረዣቸውን በ1933 ያወጡት በቤል ቤተ ሙከራ ነው። ዴኒስ ሪቺም የሲን ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1972 አካባቢ የቀረጸው በዚያው በቤል ቤተ ሙከራ ነው። ዴሲቤልና ሲ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። በእኛ ፋኩልቲ ግን አንደኛው በፊዚክስ ክፍል፣ ሁለተኛው በኮምፒዩተር ክፍል ይማራሉ፤ በመተላለፊያው ላይ እንኳ አይገናኙም።

አንድ የኮምፒዩተር ሳይንስ ባልደረባችን ይህን ስንነግራቸው «ሰው እስኪመቸው ድረስ ይጎትተዋል፤ ጆሮው ይነግረዋል፤ ምን ክፋት አለው?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ብዙ ፕሮግራሞች በቀጥተኛው መስመር ይሠራሉ፤ ዓለምም አልፈረሰችም። ነገር ግን ማታ፣ ሌሎች በተኙበት ክፍል ውስጥ በማዳመጫ ለሚማር ሰው የሚመቸው ድምፅ ከከፍተኛው በ20 እና በ40 ዴሲቤል መካከል ዝቅ ያለው ነው እንበል። በቀጥተኛው መስመር ላይ ይህ ክልል ከ10 እስከ 1 ባለው፣ ማለትም በመስመሩ ዘጠኝ መቶኛ እጅ ውስጥ ተጨናንቋል። በአምስት በአምስት ለሚወርድ ቀስት በዚያ ውስጥ ያሉት ማረፊያዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ 10 እና 5። የቀሩት አሥራ ስምንት የሚሰሙ ማረፊያዎች ሁሉ የተመደቡት ለጮሌ ድምፅ ነው። ይጎትተዋል የተባለው ሰው የሚጎትትበት ቦታ አልተተወለትም።

ሁለተኛው መልሳችን ጤናን ይመለከታል፤ ለእኛ ክብደቱ ከመጀመሪያው ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረጉት መመዘኛ፣ አንድ አዋቂ በ80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ቢያዳምጥ ከአደጋ ይጠበቃል። ለልጆች ልኩ 75 ዴሲቤል ነው። ከዚህ በላይ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የተፈቀደው ሰዓት በግማሽ ያጥራል፤ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ደግሞ 10 ሰዓት። በቀጥተኛው መስመር ላይ ምልክቷን ከ50 ወደ 100 የገፋ ሰው ምን እንዳደረገ እንመልከት። እጁ ድምፁን በ2 ያበዛው ይመስለዋል። ጆሮው የሚሰማው ጭማሪ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። ወደ ጆሮው የሚገባው ኃይል ግን በ4 ተባዝቷል፤ የተፈቀደለትም ጊዜ ከ40 ሰዓት ወደ 10 ወርዷል። ሦስቱ ምስክሮች ሦስት የተለያየ ቃል ሲሰጡ፣ ጉዳቱን የሚመዘግበው ሦስተኛው ብቻ ነው። ዓይነ ስውር ተማሪ መጽሐፉም ማስታወሻውም በጆሮው በኩል ነው፤ በፈተና ሰሞን በቀን ስንት ሰዓት እንደሚያዳምጥ መገመት አያስቸግርም።

ስለዚህ መስመሩ መጉበጥ አለበት። በምን ያህል ይጉበጥ የሚለው ግን እኛ ፊዚክስ የተማርነውም የምንከራከርበት ነው። ፌሽነርን የሚከተል ሰው መስመሩን በሙሉ በዴሲቤል ይከፋፍላል። ከላይ 0፣ ከታች 60 ዴሲቤል ቢሆን፣ መካከሉ 30 ዴሲቤል ዝቅ ያለ ይሆናል፤ ማባዣው 0.03 ያህል ነው። የሃርቫርዱ ስታንሊ ስቲቨንስ ግን እ.ኤ.አ. በ1957 ስሜት የሚያድገው በሎጋሪዝም ሳይሆን በኃይለ ቁጥር ሕግ ነው ብሎ ተከራከረ። በእርሱ መንገድ ድምፅ «ግማሽ ሆነ» የሚባለው በ10 ዴሲቤል ሲወርድ ነው። ስለዚህ የመስመሩ መካከል 10 ዴሲቤል ላይ መዋል ይኖርበታል። በሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ለብዙ ዓመታት የድምፅ አስተዳዳሪ ሆኖ የኖረው ፐልስኦዲዮ ደግሞ መካከለኛውን መንገድ መረጠ። የምልክቷን ቦታ «ቦ»፣ ማባዣውን «ማ» ብንላቸው፣ ማ = ቦ × ቦ × ቦ ነው። መካከሉ 18 ዴሲቤል ይወርዳል። እኛ ይህን እንመርጣለን። ስቲቨንስ ትክክል ቢሆን እንኳ የእርሱ ልክ ለጸጥተኛው ክልል የሚተወው ቦታ ጠባብ ነው። የፌሽነሩ ደግሞ ዜሮ ላይ ሎጋሪዝም ስለሌለው የዝምታን ቦታ በግድ መለጠፍ ይጠይቃል። ሦስት ጊዜ ማባዛት ግን በሲ ቋንቋ ግማሽ መስመር አይሞላም፤ ዜሮም ላይ ራሱ ዜሮ ይሆናል።

በቀስት ቁልፍ ለሚሠራ ሰው ግን ከዚህም የቀለለ መንገድ አለ። እያንዳንዱ ጭነት ድምፁን በ3 ዴሲቤል እንዲለውጥ ከተፈለገ፣ የነበረውን ማባዣ በ0.708 ማባዛት ይበቃል፤ ወደ ላይ ሲሆን በዚያው ቁጥር ማካፈል። ተማሪዎቻችን ለእርማት ሲቀመጡ ያደረጉት ለውጥ ይህ ነው። አምስት የሚቀንሰው ምልክት ተነሥቶ በማባዛት ምልክት ተተካ። ሃያ ጊዜ ሲጫን ድምፁ አንድ ሺህኛ፣ ማለትም 60 ዴሲቤል ዝቅ ይላል። ጭነቱም ቢሆን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለጆሮ እኩል ነው።

እርግጥ ነው፣ ወዲያው ሌላ እንቅፋት መጣ። ከ0 እስከ 128 በሚሄድ ሙሉ ቁጥር አንድ ሺህኛን መጻፍ አይቻልም። ከዜሮ በላይ ያለው ትንሹ ቁጥር 1 ሲሆን፣ እርሱም ከ128 ጋር ሲነጻጸር 42 ዴሲቤል ላይ ይቆማል። ከ1 ወደ 2 የሚደረገው ርምጃ ሙሉ 6 ዴሲቤል ሲሆን፣ ከ127 ወደ 128 የሚደረገው 0.07 ዴሲቤል ነው፤ ለማንም ጆሮ የማይሰማ። ስለዚህ ልጆቹ ናሙናዎቹን ወደ አስርዮሽ ቁጥር ለውጠው ራሳቸው ካባዙ በኋላ ለላይብረሪው ማቀበል ነበረባቸው። ይህም ሌላ ጥቅም አለው። በሙሉ ቁጥር ሲሠራ በየ6 ዴሲቤሉ አንድ ቢት ይጠፋል። 42 ዴሲቤል የወረደ ባለ16 ቢት ድምፅ የሚቀረው የ9 ቢት ጥራት ብቻ ነው፤ ለስላሳው ንግግር ይሻክራል። ወደ ላይ ሲሆን ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። 30,000 እና 10,000 የሆኑ ሁለት ናሙናዎች ያለ ጥንቃቄ በ16 ቢት ቢደመሩ 40,000 አይሆኑም፤ ተገልብጠው −25,536 ይሆናሉ፤ ጆሮም እንደ ፍንዳታ ይሰማዋል። ኤስዲኤል በሚቀላቅልበት ጊዜ ከወሰኑ ያለፈውን በወሰኑ ላይ ስለሚገታው ከዚህ ይጠብቃል። በገዛ እጁ የሚደምር ሰው ግን ራሱ ማሰብ አለበት።

በዚህ ሁሉ ላይብረሪውን የምንወቅስ መስሎ እንዳይታይብን። ላይብረሪ ማባዣ ሊያቀርብ ይገባዋል፤ የጆሮን ነገር በውስጡ ደብቆ ቢያስገባው ኖሮ ለሌላ ሥራ የሚፈልገውን ሰው በተሳሳተ ነበር። ቅሬታችን በስሙ ላይ ነው። ማባዣን «ቮልዩም» ብሎ መጥራት ተማሪውን ያሳስታል። ከዚህ አንጻር በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በወጣው የኤስዲኤል ሦስተኛ እትም የድምፅ ፍሰትን የሚቆጣጠረው ፈንክሽን «ጌይን» የሚለውን ስም መያዙና ከ128 ሙሉ ቁጥር ይልቅ የአስርዮሽ ቁጥር መቀበሉ አስደስቶናል። 1.0 ማለት ድምፁ እንዳለ ይለፍ ነው፤ 0 ማለት ዝምታ። በአማርኛም የተሻለ ሥራ መሥራት እንችላለን። ዛሬ «የድምፅ መጠን» በምንለው አንድ ሐረግ የሞገዱን ከፍታ፣ የሚሸከመውን ኃይልና ጆሮ የሚሰማውን ስሜት ሁሉንም እንጠራበታለን። «ጎላ አድርገህ ተናገር» የሚለውን አነጋገር ተከትለን የጆሮውን ስሜት «ጉልህነት» ብንለው፣ ለላይብረሪው ቁጥር ደግሞ «ማባዣ» የሚለውን ብናስቀር፣ ተማሪው አንዱን በሌላው ፈንታ ከማቀበሉ በፊት ቆም ብሎ ያስብ ነበር ብለን እናምናለን።

ከዚያ ወዲህ የሲ ቋንቋ ለሚማሩ ተማሪዎች የሦስት ሰዓት የቤተ ሙከራ ሥራ እንዲሰጥ ለፋኩልቲው ሐሳብ አቅርበናል። አንድ የድምፅ ፋይል ማንበብ፣ ናሙናዎቹን ማባዛት፣ ዓይንን ጨፍኖ በማዳመጥ «ግማሽ ሆነ» በሚሉበት ቦታ ማቆምና ማባዣውን መጻፍ። የፊዚክስ ተማሪዎችም የሞገድ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ይህንኑ እንዲሠሩ ጠይቀናል። ልዩ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ማዳመጫና ያሉን ኮምፒዩተሮች ይበቃሉ። የተሰጠን መልስ የሰዓት ድልድሉ ሞልቷል የሚል ነው። ከሁለቱ ክፍሎች አንዳቸውም ሥራው የእኔ ነው አላሉም። እስከዚያው ድረስ ግን እኛ የምናማክረው ማንኛውም የድምፅ ሥራ ሳይሰማ ውጤት አይሰጠውም።

የተስተካከለው ፕሮግራም ሲተከል ያ የሕግ ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው ፊታችን ነበር። ቀስቱን ወደ ታች እየተጫነ ቆጠረ፤ በእያንዳንዱ ጭነት ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያም «ግን ጠቅ የሚል ነገር አለው» አለን። እውነቱን ነው። ፕሮግራሙ ናሙናዎቹን የሚያቀብለው 1,024 እየሆኑ በቡድን በቡድን፣ ማለትም በየ23 ሚሊሰከንዱ ነው። ማባዣው በሁለት ቡድኖች ድንበር ላይ በድንገት ሲለወጥ ሞገዱ ይሰበራል፤ በፎሪየር ትምህርት እንደምናውቀውም የተሰበረ ሞገድ በሁሉም ድግግሞሽ ላይ ይረጫል። ልጆቹ ማባዣው በአንድ ቡድን ውስጥ ከናሙና ወደ ናሙና ቀስ እያለ እንዲለወጥ አድርገው ጠቅታውን አጠፉት። በሳምንቱ ተማሪው ሲመለስ፣ ድምፁ አሁን የጠራ መሆኑን ከተናገረ በኋላ፣ ያ ጠቅታ የት እንደ ሄደ ጠየቀን። መምህሩ ትምህርቱን አቋርጦ ዝም ባለበት ጊዜ ቁልፉን ሲጫን መሥራቱን የሚያረጋግጥለት እርሱ ነበርና። ልጆቹም ከእያንዳንዱ ጭነት ጋር የምትሰማ አንዲት አጭር ድምፅ ጨመሩለት፤ ጉልህነቷም ትምህርቱ ሲቀንስ አብሮ እንዳይቀንስ ከማባዣው ውጭ አደረጓት።